የካፖዎች ሞግዚት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «እትዬ ብዙነሽ፣ እዚያ መንገድ ጥገና ላይ ግን ምን ነበር የሚሠሩት?» ይለኛል። ድንጋይ አልፈለጥሁም፣ ግሬደር አልነዳሁም፣ መሐንዲስም አይደለሁ። አንዳንዱ ጸሐፊ ነበረች ብሎ ደምድሟል። ጸሐፊ! ዕድሜዬን ሙሉ አቧራ ቅሜ፣ ጭቃ ረግጬ፣ ጸሐፊ! ጸሐፊነት ነውር ሆኖ አይደለም፤ ግን የሰው ድካም በስሙ ሲጠራለት ደስ ይላል።

እንግዲህ ስሙን ልንገራችሁ። የእኔ ሥራ ካፖዎችን ማቆም ነበር። ካፖ ማለት በመንገድ ሥራ ላይ የአንድ ቡድን የቀን ሠራተኞች አለቃ ነው። ትናንት ከነሱ ጋር ባሬላ ተሸክሞ የዋለ ሰው ዛሬ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ተነሡ» ይላል። ከላይ የሚወርደው ትእዛዝም፣ ከታች የሚወጣው ብሶትም የሚገናኘው እሱ ላይ ነው። ሁለቱም ወገን ይጮህበታል፤ እሱን ግን «አይዞህ» የሚለው የለም። እኔ የተቀጠርሁት ለዚያ «አይዞህ» ነው ማለት ይቻላል። ሾፌሮቻችን «የካፖዎች ሞግዚት» ይሉኝ ነበር። ለማሾፍ ነው፤ እኔ ግን በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ የተሰጠ ሥልጠና ነው። የጡረተኛ ወግ አይቅርብሽ ብለው ጠሩኝ። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ የቅርብ አለቆችን እንዴት መደገፍ እንደሚገባ አስረዳን። ጥሩ ይናገራል፤ ካለው ሁሉ ስሕተት የምለው አንድም አላገኘሁም። ሻይ ሰዓት ላይ መጥቶ «እማማ፣ የሚጨምሩት ነገር አለ?» አለኝ። «ኧረ የለም ልጄ» አልሁት። ምን ልበለው? የእኔ ነገር በሻይ ሰዓት የሚያልቅ አይደለም። ደግሞም ያ ዓይነቱ ሥራ አሁን አልፏል። ዛሬ ተቋራጭ ማሽኑን ይዞ ይመጣል፣ ይደፍናል፣ ይሄዳል። የመንገዱን ጉድጓድ እንደ ልጆቹ ጥርስ አንድ በአንድ የሚያውቅ ካፖ ከየት ይመጣል! ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

የገባሁት ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ፣ በሰዓት ተቆጣጣሪነት ነው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ማለት ነው ሥራው። ደመወዙን ተዉት። እናቴ ስትሰማ «ለዚህ ነው ዐሥራ ሁለተኛ የጨረስሽው?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ጸሐይ ላይ ጃንጥላ ይዤ ስቆም ሠራተኛው ይስቅብኛል፤ እኔም ማታ ማታ አለቅሳለሁ። ጋሽ ዘለቀ ባይኖሩ ኖሮ ወሩንም አልደፍንም ነበር።

ጋሽ ዘለቀ ዋናው ፎርማን ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደምበጫ ያለው መንገድ፣ ከዚያም ግራና ቀኝ ወደ ገጠሩ የሚገቡት የጠጠር መንገዶች፣ ካፖዎቻቸው ሁሉ በእሳቸው ሥር ነበሩ። አጭር፣ ሆዳቸው ቀደም ቀደም የሚል፣ ሲቆጡ ፈረስ የሚያስደነብር ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው። አንድ ልማድ ነበራቸው። መኪናዋን ከቡድኑ ራቅ አድርገው ያስቆሙና በእግር ይመጣሉ። እኔ መጀመሪያ ሆዳቸውን ለማጉደል መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አልቻልሁም፣ ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ለምንድነው እስከ ሠራተኛው ድረስ በመኪና የማንሄደው?»

«ካፖው ቤቱን ይጥረግ እንጂ!» አሉኝ። «እንግዳ ድንገት ዘው ሲልበት የማይደነግጥ ባለቤት አለ? እኔ እስክደርስ የተቀመጠውን ያስነሣል፣ የተበተነውን አካፋ ያሰበስባል። አንቺ ልጅ፣ እኔ ሌባ ልይዝ መጣሁ እንዴ? አለቃ እንዲሆን ነው የምፈልገው።»

ሲደርሱ ቆባቸውን አንሥተው አስቀድመው የሚጨብጡት ካፖውን ነው። ሽማግሌ ይኑር፣ ዘመድ ይኑር፣ ከሁሉ በፊት እሱን። ሠራተኛ ሮጦ መጥቶ «ተበደልሁ» ቢላቸው «ለካፖህ ነግረሃል?» ነው መልሳቸው። ነግሬው እምቢ አለኝ ካለ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል፤ እዚያው ላይ ግን አይፈርዱም። የተበላሸ ሥራ ካዩ ደግሞ በሰው ፊት ትንፍሽ አይሉም። «ና እስቲ ቱቦውን እንየው» ብለው ካፖውን ወደ ውኃ ማሳለፊያው ቱቦ ይዘውት ይሄዳሉ። ከሩቅ ሲታዩ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ውኃ መውረጃ የሚመረምሩ ይመስላሉ። እዚያ ታች ስድቡ እንደ በረዶ ይወርዳል! ጨርሰው ሲመለሱ «እንግዲህ ካፖው እንዳለው ይሁን» ብለው መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ። ካፖዎቹ እርስ በርስ ሲጫወቱ «ዛሬ ቱቦ ታየልኝ» ካሉ ነገሩ ይገባችኋል።

ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጉድጓድ ሲደፈን ዳር ዳሩ በዶማ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ውስጡ ይጠረጋል፣ ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ከዚያ ገረጋንቲው ትንሽ በትንሽ እየተጨመረ በየጊዜው ይጠቀጠቃል። አንዴ ሞልቶ ከላይ ረገጥ ረገጥ ያደረገ ካፖ ሁለት የጭነት መኪና ሲያልፍ ጉዱ ይወጣል። ቦይ ደግሞ ከቱቦው በላይ በኩል ነው አስቀድሞ የሚጠረገው፤ ቱቦው ቢያብረቀርቅ ከላይ ደለል ካለ ዋጋ የለውም። ይህን ማንም ይማረዋል። የማይጻፈው ሌላው ነው። «መኪና ሲመጣ ሠራተኛው ወዴት እንደሚያይ ተመልከቺ» ይሉኝ ነበር። «ካፖውን ካዩ ቡድኑ ደኅና ነው። እኛን ካዩ እዚያ ካፖ የለም ማለት ነው፤ ፊሽካ ብቻ ነው ያለው።»

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ። ካፖዎቹ «ጭራሽ ሴት ላኩብን?» ብለው አንድ ሰሞን አጉረመረሙ። እኔም ምላሴ አጭር አይደለምና ቱቦ ቱቦውን እያሳየሁ ተዋወቅን።

ካፖ ስንት ዓይነት ነው! ደምበጫ አጠገብ ይርሳው የሚባል ነበር። ሰው ማዘዝ ሆዱ ስለማይችል አካፋውን ከሠራተኛው እጅ ተቀብሎ ራሱ ይሠራል። ሠራተኛው ከቦ ያየዋል፣ «በርታ ካፖ» ይለዋል! ላቡ ጠብ ጠብ እያለ አገኘሁትና ከመንገዱ በላይ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁት። «እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት» አልሁት። «ዛሬ የምትሠራው ማየት ብቻ ነው። ማን ይፈጥናል፣ ማን ይደክማል፣ ማን ከማን ጋር አይስማማም፣ ትነግረኛለህ።» ምሳ ሰዓት ሲደርስ ፊቱ ቀልቷል። «እትዬ፣ ይሄስ ከድንጋይ ፍለጣ ይከብዳል» አለኝ። ያን ቀን የሳቅሁትን ሳቅ እስካሁን አልረሳውም። ይርሳው ከዚያ ወዲያ ደኅና ካፖ ወጣው።

ሁሉ ግን እንደ ይርሳው በሳቅ አላለቀም። የአንማው ነገር ዛሬም ሳነሣው ያመኛል፣ ዛሬም ደስ ይለኛል።

አንማው ከአማኑኤል ወደ ገጠሩ በሚገባው የጠጠር መንገድ ላይ ከነበረው ቡድን የወጣ ነው። ድንጋይ ሲደረድር እጁ ያምራል፤ ጨዋ፣ ታማኝ፣ ቀልድ አዋቂ። የቀድሞው ካፖ ሲለቅ ይሾም ብዬ የተከራከርሁለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደስ ብሎት ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ብሄድ፣ ገና ከሩቅ ስታይ ሠራተኛው በሙሉ ቀና ብሎ እኔን አየ። እዚህ ፊሽካ ብቻ ቀርቷል አልሁ።

ዞር ብል መታጠፊያው ላይ አባ ላቀ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መኪና ዝግ እንዲል ማስጠንቀቂያ ነው ይባላል፤ በዚያ መንገድ ላይ እኮ መኪና ከታየ ልጆች ሊያዩት ይወጣሉ! አባ ላቀ የቡድኑ የቀን ሠራተኛ ናቸው። ቄስ ናቸው፤ ማሳቸው ጠባብ፣ ቤተሰባቸው ብዙ ነው፤ የአገልግሎት ተራ በሌላቸው ጊዜ መንገድ ሥራ ይውላሉ። እኛ አገር ቄስ ማረሱም ሆነ ድንጋይ ማንሣቱ ማንንም አይደንቅም። ጣጣው ሌላ ነው። አባ ላቀ የአንማው የንስሐ አባት ናቸው።

እስቲ አስቡት። ጠዋት ሥራ ላይ ሲደርሱ አንማው ሰው ሁሉ እያየው ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ይሳለማል። ኃጢአቱን የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ጹም ሲሉት ይጾማል፣ ስገድ ሲሉት ይሰግዳል። ታዲያ ከመስቀሉ ቀና ብሎ «አባ፣ ያንን ድንጋይ ያንሡ» ይበል? ምላሱ ይተሳሰራል እንጂ! ስለዚህ ያችን ዘንግ አስያዛቸው። እሳቸውን ሲያይ ምናሉ የሚባለው ሠራተኛ ወገቤን አመመኝ አለ። ሌላው አጎትህ አይደለሁም ወይ አለ። አንዱን ዕቃ ጠባቂ፣ አንዱን ውኃ ቀጂ ሲያደርግ ዶማ የሚይዝ ሰው አለቀበት።

ወደ ቱቦው ወሰድሁት።

«አባን ከሥራ ለምን አወጣሃቸው?»

«ኧረ አላወጣኋቸውም እትዬ! አከበርኋቸው እንጂ።»

«ሠራተኛው ምን ይላል?»

«ፊት ለፊት ምንም አይሉኝም። ጎን ለጎን ያጉረመርማሉ።»

«አባስ?»

አንማው አፈሩን በጫማው ጫረ። «አባማ ምንም አይሉ። ዘንጋቸውን ይዘው ይውላሉ።»

«ታዲያ ጠይቃቸው። ሥራ አጠረኝ፣ ይርዱኝ በላቸው። ከክረምቱ በፊት ይህ ቦይ መጠረግ አለበት፤ ይህን የሚለው አፍ ደግሞ የአንተ አፍ ነው።»

«እሺ እትዬ» አለኝ። የአገሬ ሰው አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ የሚያውቅ ያውቀዋል። በግልጽ እምቢ ያለ ሰው ይሻላል።

ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት የወረደው ዝናብ የቦዩን ደለል ጠራርጎ አምጥቶ ቱቦው አፍ ላይ ከመረው። ውኃው መሄጃ ሲያጣ በመንገዱ ላይ ወጣ፤ ጠዋት ሲነጋ መንገዱ በቁሙ ተቆርጧል። ያውም በአማኑኤል ገበያ ቀን! እህል የጫኑ አህዮች ወዲያ ማዶ፣ የጭነት መኪና ወዲህ ማዶ፣ የሰዉ እርግማን መሃል ላይ። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን ነው። መንገዱን ለመመለስ ግን ወር ያህል ፈጀብን።

ያን ጊዜ መሥሪያ ቤታችን አዲስ ኃላፊ መጥቶለት ነበር። ወጣት መሐንዲስ ነው፣ ሥራ ወዳድ። መኪናውን እስከ ሰዉ መካከል ነድቶ ወረደና «ካፖው ማነው?» አለ።

አንማው ወጣ።

«ይህ ቦይ ከክረምቱ በፊት ለምን አልተጠረገም? ሰው አነሰህ?» ወዲያው ዐይኑ ቀዩ ጨርቅ ላይ አረፈ። «እኒያስ ምን ይሠራሉ?»

ሠራተኛው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አባ ላቀም ዘንጋቸውን ይዘው እንደ ተተከሉ ቀሩ። አንማው ላቡን ጠርጎ «ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ፤ እሳቸው የታዘዙትን ነው የሠሩ» አለ።

ኃላፊው መኪናው ውስጥ ሲገባ «እትዬ ብዙነሽ፣ ሌላ ካፖ ይፈልጉልኝ» አለኝ። ምን ብዬ ልከራከር? መንገዱ ተቆርጧል። ቢሆንም ለመንሁት። «ይህን ሰው ከባሬላ አንሥተን ካፖ ያደረግነው እኛ ነን» አልሁት። «መልሰን ባሬላ ብናሸክመው ከነዚሁ ሰዎች ጋር እንዴት አድርጎ ይኖራል? ጎረቤቶቹ እኮ ናቸው።» ብዙ ካሰበ በኋላ «እስከ አዝመራው ማብቂያ» አለ። «ከዚያ ወዲያ ግን እንዳይለምኑኝ።»

የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ አንማውን ይዤ አባ ላቀ ቤት ሄድሁ። እሱ ብቻውን አልሄድ ስላለ ነው። መንገድ ላይ «እኔ ትንፍሽ አልልም» አልሁት። «ዘንጉን ትተው ዶማ ይያዙልኝ» የሚለው ቃል ከእሱ አፍ ካልወጣ ነገ ሥራ ላይ አይጠቅመውምና። አባ ላቀ ደስ ብሏቸው ተቀበሉን፤ ባለቤታቸው ጠላና ቆሎ አቀረቡልን። አንማው መስቀል ተሳለመና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ጤፉ ተጫወትን፣ ስለ ጥጃው ተጫወትን። እኔ አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ። እኔ! የሚያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም።

«አባ…» አለ አንማው በመጨረሻ።

«አቤት ልጄ።»

ጠላውን አየ። ጣራውን አየ።

«ዘንድሮ ዝናቡ በዛ።»

«በዛ ልጄ» አሉት አባ ላቀ ዝግ ብለው። ብዙ አዩት። እኔንም አዩኝ። የመጣንበት እንደ ገባቸው ያን ጊዜ ዐወቅሁ፤ ግን እሳቸውም አልተናገሩ። ስንወጣ አንማው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እያለቀሰ ነው የሄደው፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንሁ።

በማግሥቱ አባ ላቀ ሥራ አልመጡም። «ወደ እርሻዬ ልመለስ ብያለሁ፣ በእኔ ቦታ ሌላ ይግባ» ብለው ላኩ። የንስሐ ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ከእንጀራቸው ወጡ። ሠራተኛው ግን እንዲህ አላየውም። «ከዚያች ሴትዮ ጋር ቤታቸው ድረስ ሄዶ አባረራቸው» ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፉት። ሥራውን አልተዉም፤ ቆፍሩ ሲል ይቆፍራሉ፣ ተሸከሙ ሲል ይሸከማሉ። ግን አንድም ሰው ቃል አይመልስለትም። ምሳውን ለብቻው ይበላል። ሚስቱ ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱባታል። በገጠር እንዲህ ከመሆን መታሰር ይሻላል።

ጥቅምት ላይ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣብኝ። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«ይቀበሉኝ እትዬ። አልቻልሁበትም።»

«አልቀበልም።»

«አባን ከእንጀራቸው ነቀልሁ! ኃጢአቴን ለሳቸው እናዘዝ ነበር፤ ይሄን አሁን ለማን ልናዘዘው?»

ሌላ ጊዜ የማያልቅብኝ ምክር የት እንደ ገባ እንጃ። «መልስ የለኝም አንማው» አልሁት። «እውነቴን ነው፣ የለኝም። ግን እስከ አዝመራው ያዘው። ከዚያ ራሴ መጥቼ እቀበልሃለሁ።» ፊሽካውን እንደ ትኩስ ነገር በጣቱ ጫፍ አንሥቶ ሄደ።

ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጋሽ ዘለቀ ቤት ገባሁ። አርጅተዋል፤ ሆዳቸው ጠፍቶ ድምፃቸው ብቻ ቀርቷል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸውና «አባን አስታርቄ ልመልሳቸው? ወይስ ሠራተኞቹን ሰብስቤ ልንገራቸው?» አልሁ።

«ካፖው ለሠራተኞቹ ምን አላቸው?»

«ምንም አላለም። ምን አፍ አለውና!»

«እንግዲያው ምንም እስኪል ጠብቂዋ!» ብለው ጮኹብኝ። «አንቺ ከነገርሻቸው ካፖዋ አንቺ ነሽ። ሂጂና ዕድሜ ልክሽን እዚያ ቱቦ ሥር ኑሪ!»

ጠበቅሁ። ከሥራ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ በዐይንሽ እያየሽ መጠበቅ። በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ አስቀድሜ እሱን እጨብጣለሁ፣ ሥራውን አየዋለሁ፣ እመለሳለሁ። ሠራተኛው ዝም፣ እሱ ዝም። ኃላፊው በበኩሉ በተገናኘን ቁጥር «እህስ፣ ሰው አገኙ?» ይለኛል።

የነቢያት ጾም ገብቶ ጤፍ መታጨድ ሲጀምር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድሁ። መኪናዋን ራቅ አድርጌ አቁሜ ስመጣ መንገዱ ላይ ማንም የለም። ዶማና አካፋው ተሰብስቦ ዛፍ ሥር ተደርድሯል። ጥለውት ሄዱ አልሁ። ቦዩን ባየው ግን ከላይ ጀምሮ እስከ ቱቦው አፍ ተጠርጎ፣ ዳሩ ተስተካክሎ፣ ደለሉ ውኃው በማይመልሰው በኩል ተደፍቷል። ከገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች አህያ እየነዱ አለፉ። «ሰዎቹን ነው የሚፈልጉ?» አሉኝ። «ወደ አባ ላቀ ማሳ ወርደዋል።»

ኋላ ምናሉ እንደ ነገረኝ፣ ጠዋት አንማው ሰበሰባቸውና እንዲህ አላቸው። «የአባ ጤፍ እየረገፈ ነው። የደረሱት ልጆቻቸው ደብረ ወርቅ ለትምህርት ሄደዋል፣ አጫጅ የላቸውም። ዛሬ ሥራችሁን በቁርጥ እሰጣችኋለሁ፤ ከዚህ እስከ ቱቦው። ስንጨርስ አባ ማሳ እንወርዳለን። የማይመጣ ቤቱ ይግባ፣ አልቀየመውም።» አንማው ያንን ያህል ሲናገር ከሰሙት ቆይተዋል። ምናሉ ራሱን አከከና «ከላይ ማን ይጀምር?» አለ። ከነሐሴ ወዲህ ካፖውን ጥያቄ የጠየቀው ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። አንማውም ማን ከላይ፣ ማን ከታች እንደሚይዝ መደበ፣ ቀኑ ሳይጋመስም ቦዩን ጨረሱት።

ቁልቁል ወረድሁ። አጫጆቹ በረድፍ ተሰልፈው ማሳውን ገምሰውታል፤ ጾም ነውና ውኃ እንኳ አልቀመሱም። አንማው ከረድፉ ፊት እየተመላለሰ የዘገየውን ያግዛል፣ ነዶ የሚሸከመውን መንገድ ያሳያል። ዳር ላይ ቆምሁ፤ ማንም ልብ አላለኝም።

ቅዳሴው ወጥቶ ኖሮ አባ ላቀ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ በቀጭኗ መንገድ ብቅ አሉ። ማሳቸውን ሲያዩ ቆሙ። ሠራተኛው ማጭዱን ጣል ጣል እያደረገ ሄዶ መስቀላቸውን ተሳለመ። አንማው የመጨረሻው ነበር። ጎንበስ ብሎ ግንባሩን አስነካ፣ ሳመ፤ ቀና ሲል ዐይኑ እንባ አቅርሯል። አባ ላቀ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ከተቱ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው ቁጥቋጦው ላይ ጣሉ፣ ከመሬት አንድ ማጭድ አነሡ።

«የት ልግባ?» አሉ።

የገዛ ማሳቸው ነው፤ ከፈለጉበት ቢገቡ ማን ይከለክላቸዋል? ግን ዐይናቸው አንማው ላይ ነበር። ምናሉ ማጭዱን እንደ ያዘ ቀረ። ሁሉም ቆመው ጠበቁ። እኔም ዳር ላይ ሆኜ «በል እንጂ፣ በል እንጂ» እላለሁ፣ በሆዴ።

አንማው እጁን ዘረጋ።

«ከምናሉ ቀጥሎ ይግቡ፣ አባ። እዚያ በኩል ረድፉ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ቶሎ ያድርሱልኝ።»

«እሺ ካፖ» አሉና አባ ላቀ ጎንበስ ብለው ረድፉን ያዙ።